ትንፋሻችን አማና ነው

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይውረድ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ሰውነታችን በሥርዓት የተደራጀ ነው። ሕዋሶች ተሰባስበው ሕብረ ሕዋስን፣ እነዚህም ሳንባንና ልብን የመሳሰሉ ክፍሎችን ይሠራሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ምግብና ኦክስጅን ይሻል። የተፈጨው ምግብ ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ይገባል። ኦክስጅን ደግሞ በሳንባችን ውስጥ ባሉት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ደቃቃ የአየር ከረጢቶች በኩል ይገባና ሄሞግሎቢን ተሸክሞት ይሄዳል። ሕዋሱ በኦክስጅኑ አማካይነት ከምግቡ ኃይል ያወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም በትንፋሽ ይወጣል። ደም ከቀኝ የልብ ክፍል በሳንባ በኩል አልፎ ወደ ግራው እንደሚመለስ በ687 ዓመተ ሂጅራ የሞተው ሙስሊሙ ሐኪም ኢብኑ ነፊስ ጽፎ ነበር።

በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ ያለ ምግብ እንውላለን። ያለ ኦክስጅን ግን ጥቂት ደቂቃም አንቆይም። ታዲያ ይህን ሥርዓት በገዛ ቤታችን የሚያፈርስ ነገር አለ፤ እርሱም በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል። ሰውየው እየተነፈሰ ሕዋሶቹ ይታፈናሉ። ብዙዎቻችን «ጭሱ አልቆ ፍም ከሆነ አይጎዳም» እንላለን። ይህ ስሕተት ነው፤ ፍሙም ጋዙን ያወጣል።

በክረምት ልጆች እንዲሞቃቸው፣ ወይም የሱብሒ ውዱእ ውኃ እንዳይቀዘቅዝ ተብሎ ምድጃው መኝታ ቤት ያድራል፤ በሩም ይዘጋል። የተኛ ሰው ምልክቱን ሳያውቅ፣ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ በቤታችን እሳት እንዳንተው አዘዋል። ትእዛዛቸውን መፈጸም ነፍስን መጠበቅ ነው።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ ከመኝታ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡት። ቡና ሲፈላም በርና መስኮት ይከፈት። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካሉ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስመለስ ከታየ ሁሉም ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ታማሚውንም «ትንሽ ይተኛና ይሻለዋል» ሳትሉ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሕይወታችን አማና ናት፤ እንጠብቃት። አላህ (ሱ.ወ.) ቤተሰቦቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።