ከሳተላይት ሞደም ጀርባ፤ መግጠምና መስማማት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በሳተላይት ሞደም ጀርባ ላይ ስላሉት መሰኪያዎች ነው። ርእሱን አስቀድመው የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የቴክኒሻን ሥራ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉዳይ አይደለም» ብለውናል። እኛ ግን መሣሪያው ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር የሚነጋገረው በጀርባው በኩል ስለ ሆነ፣ ጀርባውን የማያውቅ ሰው ሞደሙን ዐውቃለሁ ለማለት አይችልም እንላለን።

ሞደም በአኀዝ የተዘጋጀውን መረጃ በሞገድ ላይ ጭኖ የሚልክ፣ በሞገድ የመጣውንም አውርዶ ወደ አኀዝ የሚመልስ መሣሪያ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወረዳኔት የአገራችንን ወረዳዎች ሲያገናኝ፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጠውም ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲደርስ፣ መንገዱ ሳተላይት ነበር። ዛሬም ኬብል ባልደረሰበት ስፍራ ሳተላይት ብቸኛው መገናኛ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ስፍራ አንድ መሰኪያ ቢሳሳት የሚጎዳው የአካባቢው ሕዝብ ሁሉ ነው።

እንግዲህ ሞደሙን ዞር አድርገን ብንመለከተው መሰኪያዎቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ወደ አንቴናው፣ ሁለተኛው ወደ ተጠቃሚው መሣሪያ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ሞደሙን ለመቆጣጠር ያገለግላል።

ከአንቴናው ወገን እንጀምር። በአንዳንድ ሞደሞች በዚህ መሰኪያ የሚያልፈው ሲግናል 70 ወይም 140 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ በሌሎቹ ደግሞ ከ950 ሜጋኸርዝ የሚጀምረው ኤል ባንድ ነው። በኤል ባንድ በአንድ ኬብል ሦስት ነገሮች አብረው ሊጓዙ ይችላሉ፤ እነርሱም ሲግናሉ፣ የ10 ሜጋኸርዝ ማመሳከሪያ ሞገድ፣ እንዲሁም በአንቴናው ላይ ለተተከለው ማስተላለፊያ የሚሆን 24 ወይም 48 ቮልት ኤሌክትሪክ ናቸው። ስለዚህ ቮልቱን ሳያጠፋ ያን ኬብል ነቅሎ መከላከያ በሌለው መለኪያ ላይ የሚሰካ ሰው መለኪያውን ሊያቃጥለው ይችላል። ኬብሉ በትክክል ገጥሟል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ግን አልተስማሙም።

የኦሙም ነገር እንዲሁ ነው። ቢኤንሲ የተባለው መሰኪያ በ50 ኦምም በ75 ኦምም ይሠራል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ይገጣጠማሉ። ሆኖም የ50 ኦም መስመር ከ75 ኦም ጋር ሲገናኝ ከኀይሉ 4 በመቶው ወደ መጣበት ይመለሳል። ኤን የተባለው መሰኪያ ደግሞ ይብሳል፤ የ50 ኦሙ ወንድ መሰኪያ እሾሁ ወፍራም ስለ ሆነ የ75 ኦሙን ሴት መሰኪያ አስፍቶ ያበላሻል።

ወደ ተጠቃሚው ወገን ስንመለስ ቪ.35፣ አርኤስ-422፣ ጂ.703፣ ኤተርኔት የሚባሉትን እናገኛለን። በዚህ ወገን በዐይን የማይታይ አንድ ጥያቄ አለ፤ የቢቶቹን ምት የሚሰጠው ማን ነው? ሞደሙ ራሱ፣ የተጠቃሚው መሣሪያ፣ ወይስ ከሳተላይት የመጣው ሲግናል? መስመሩ በሴኮንድ 2,048,000 ቢት ያስተላልፋል እንበል። የሁለቱ ወገን ክሎክ በሚሊዮን አንድ ብቻ ቢለያይ በየሴኮንዱ ሁለት ቢት ያህል ይተርፋል ወይም ይጎድላል። ልዩነቱን የሚያቻችለው ማጠራቀሚያ 32,768 ቢት የሚይዝ ቢሆንና ሥራውን ግማሽ ድረስ ተሞልቶ ቢጀምር፣ በ8,000 ሴኮንድ ውስጥ ሞልቶ ይፈሳል ወይም ባዶውን ይቀራል። ይህም ከሁለት ሰዓት ከሩብ ጥቂት ያነሰ ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ መስመሩን የተከለው ሰው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ማጠራቀሚያው የተሠራው ሳተላይቱ በየዕለቱ ጥቂት ሲርቅና ሲቀርብ የሚመጣውን ለውጥ ለመቻል ነው። የሳተላይቱ እንቅስቃሴ ዞሮ ይመለሳል፤ የክሎክ ልዩነት ግን እየተከማቸ ይሄዳል እንጂ አይመለስም።

ሦስተኛው ወገን የማዘዣና የማስጠንቀቂያ መሰኪያዎች ናቸው። የማስጠንቀቂያው ሪሌ ሞደሙ ደኅና ሲሆን በኤሌክትሪክ ተይዞ ይቆያል፤ ብልሽት ሲመጣ ይለቀቃል። ለመለቀቅ ኤሌክትሪክ ስለማያስፈልገው ሞደሙ ጨርሶ ቢጠፋም ማስጠንቀቂያው ይደርሳል።

«ዛሬ ብዙው ነገር ኤተርኔት ሆኗል፤ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የተጠቃሚው ወገን በብዙ ስፍራ ቀልሏል። ይሁን እንጂ ወደ አንቴናው የሚወጣው ኬብል ዛሬም ቮልት ይሸከማል፤ ኦሙም ኦም ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በላብራቶሪ ውስጥ ጠረጴዛው ከግድግዳው ይራቅ፤ የመሣሪያውም ጀርባ ወደ ተማሪው ይዙር። ተማሪውም ኤሌክትሪኩን ከማብራቱ በፊት ለእያንዳንዱ መሰኪያ አራት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይመልስ። ስንት ቮልት አለበት? ስንት ኦም ነው? ምቱን የሚሰጠው ማን ነው? ሲበላሽስ ማን ይሰማል? መምህራኖቻችንም ይህን ከፈተናው ክፍል አንዱ ቢያደርጉልን ደስታችን ነው። ቀመሩን በወረቀት ላይ የሚፈታ መሐንዲስ እንፈልጋለን፤ ነገር ግን ያው መሐንዲስ ከመሣሪያው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ማየትን እንደ ውርደት የማይቈጥር መሆን አለበት።