ዕድሜና የአንጎል ልጓም
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የቆመች ከተማ ናት። ከ4,100 ሜትር በላይ ከሚዘልቀው ከጉና ተራራ የሚነፍሰው የሌሊት ብርድ ጋቢ ደርቦ ለተኛ ሰው እንኳ አይመችም። በዚህ ብርድ መካከል አምሳ ዓመት ገደማ የሆናት እናት ፊቷና ደረቷ በድንገት ግሎ፣ በላብ ተጠምቃ፣ ጋቢዋን ገፋ ብድግ ስትል ቤተ ሰቡ ይደነግጣል። አንዱ ምች ነው ሲል ሌላው ወባ ነው ይላል። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ሙቀት መነሻው ከአየሩ ሳይሆን ከአንጎል ነው።

በ1975 (እ.ኤ.አ.) በስኮትላንድ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጆን ሂዩዝና ሐንስ ኮስተርሊትዝ ከዐሣማ አንጎል ኢንኬፋሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ለዩ። በዓመቱም ቾ ሃኦ ሊ ከግመል የፒቱታሪ ዕጢ 31 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበትን ቤታ ኢንዶርፊን ማግኘታቸውን አስታወቁ። እነዚህ እንደ ሞርፊን የሚሠሩ፣ ነገር ግን አካል ራሱ የሚያዘጋጃቸው ፔፕታይዶች ናቸው። ሕመምን ከማስታገሣቸው ሌላ በሴት የመውለድ ሥርዓት ውስጥ ድርሻ አላቸው።

ሥርዓቱን ለመሐንዲስ ማስረዳት አያስቸግርም። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በየጊዜው ለፒቱታሪ ትእዛዝ ይልካል፤ ፒቱታሪ የእንቁላል ዕጢዎችን ያነቃል፤ እነርሱም ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን አመንጭተው «በቃ» የሚል መልስ ወደ አንጎል ይመልሳሉ። መልሱን ተቀብለው ትእዛዙን ከሚያቀዘቅዙት ልጓሞች መካከል ቤታ ኢንዶርፊንና ዳይኖርፊን ይገኙባቸዋል። የውሃ ጋን ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ቧንቧውን እንደሚዘጋው ያለ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ እንቁላሎቹ ያልቃሉ፤ ኤስትሮጅን ይቀንሳል፤ ልጓሙም ይላላል። ለዚህ አንዱ ማስረጃ የእነዚህን ፔፕታይዶች ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት ነው። የወር አበባ ለምታይ ሴት፣ በተለይም በወሩ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ሲሰጥ ከፒቱታሪ የሚወጣውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል። ላረጠች ሴት ሲሰጥ ግን ያን ያህል ለውጥ አያሳይም፤ አስቀድሞ የላላ ልጓም ቢፈቱት ምን ይጨምራል?

የሙቀቱም ምንጭ ከዚያው አጠገብ ነው። ኤስትሮጅን ሲጎድል አንዳንድ የሃይፖታላመስ ነርቮች ዳይኖርፊናቸው ቀንሶ ኒውሮካይኒን ቢ የተባለው ቀስቃሽ ይበዛባቸዋል። የሙቀት መቆጣጠሪያውም ትንሿን ለውጥ እንደ ከባድ ሙቀት ቆጥሮ ደም ወደ ቆዳ ይሰዳል፤ ላብ ያወርዳል። ይህ ዕውቀት ፍሬ አፍርቶ የኒውሮካይኒንን መቀበያ የሚዘጋው ፌዞሊኔታንት በ2023 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ዕውቀቱ ለደጋው ቤትም ይጠቅማል። የማረጥ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ በቴርሞሜትር ቢለካም እንደ በሽታ ትኩሳት አይቆይም። ወደ ፎገራ ሜዳ ወርዳ የተመለሰች ሴት ትኩሳቷ ከቀጠለ ግን ወባ ሊሆን ስለሚችል ደሟ መመርመር አለበት። የወር አበባ ከቆመ 12 ወር እስኪሞላ ድረስ ፅንስ ሊኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚታይ ደም ደግሞ የማኅፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ጠብታም ቢሆን ለሐኪም ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

በደጋው ባህል ያረጠች እናት ክብር አላት፤ ብዙዎችም ቆብ ደፍተው በጸሎት ይኖራሉ። ክብሩ ግን ሕመምን በዝምታ ለመሸፈን ምክንያት ሊሆን አይገባም። የልጓሙ መላላት የተፈጥሮ ሥራ እንጂ ነውር አይደለም፤ ሌሊት ጋቢዋን ለምትገፋው እናት የመጀመሪያው መድኃኒት ይህንኑ የሚነግራት ሰው ማግኘት ነው።