የየቲም መዝገብ አማና ነው
(ለመረጃ ክፍል በጎ ፈቃደኞች የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 



አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ ብድር እንዲጻፍ፣ በሱረቱ ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ ደግሞ የየቲም ገንዘብ ሲመለስለት ምስክር እንዲቆም አዟል። ዛሬ ጽሑፋችን በኮምፒውተር የመረጃ ቋት ውስጥ ይገኛል። ለየትኛው ልጅ ስንት እንደተከፈለ፣ አሳዳጊው ማን እንደሆነ የሚመሰክረው እርሱ ነው። ቋቱ ቢጠፋ የልጁ ሐቅ ያለ ምስክር ይቀራል።

መጠባበቂያ ቅጂ የምንይዘውም ለዚህ ነው። ቋቱ ፖስትግሬስ ከሆነ፣ በትእዛዝ መጻፊያው መስኮት «ፒጂ ደምፕ» የተሰኘውን ትእዛዝ እንጽፋለን። ሌሎች በቋቱ እየሠሩ ሳሉ እንኳ፣ ትእዛዙ በጀመረበት ቅጽበት የነበረውን መረጃ በአንድ ፋይል ያወጣልናል። በተጨመቀው ቅርጽ የወጣውን ፋይል «ፒጂ ሪስቶር» ይመልሰዋል። የቋቱ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ግን በዚህ ፋይል ስለማይካተት፣ «ፒጂ ደምፕ ኦል» በተሰኘው ለብቻው ሊወጣ ይገባል።

ሆኖም ትእዛዙን መስጠት ብቻውን አይበቃም። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ራሱ ይፋ አድርጎታል። አንድ ባለሙያ በስሕተት የዋናውን ቋት ፋይሎች ሰረዘ። ቅጂው ሲፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቋቱ 9.6ኛው ዕትም ሲሆን፣ ቅጂ የሚያወጣው ትእዛዝ ግን የ9.2 ነበርና ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሉም ለማንም አልደረሰም። በሌላ መንገድ ከተያዘ ቅጂ ቢያገግሙም፣ የ6 ሰዓት ያህል መረጃ ሳይመለስ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ተመልሶ ያልተፈተነ ቅጂ እንደ ቅጂ እንደማይቆጠር ነው። ስለዚህ በየወሩ ከዋናው የተለየ ባዶ ቋት እንፍጠር፤ የመጨረሻውን ቅጂ እንመልስበት። ከዚያም የልጆቹን ቁጥር እንቁጠር፤ የወሩን ክፍያ ድምር በእጅ ከተፈረመው የክፍያ ሰነድ ጋር እናመሳክር። ሁለቱ ከተስማሙ ቀኑን ጽፈን ሁለት ሰዎች እንፈርም። ካልተስማሙ ምክንያቱ ሳይታወቅ አንለፈው። ፋይሉ የልጆችን ስምና አድራሻ ይዟልና በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ፣ አንዱ ቅጂ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። ቁልፉንም ከአንድ በላይ ታማኝ ሰው ይወቀው።

አላህ የየቲሞችን አማና በሐቅ ከሚወጡት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።