ኮድ ብቻውን አገር አያቀናም
(ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ኮድ ስለሚጽፉት ልጆች ብቻ አይደለም። እነሱማ ስማቸው ይጠራል፣ ይጨበጨብላቸዋል፤ ይገባቸዋልም። እኔ የማነሳው ከጎናቸው ተቀምጦ «ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ የሚጠይቀውን፣ መልሱንም ለሌላው ሰው ጽፎ የሚያስቀምጠውን በጎ ፈቃደኛ ነው።

ስሙኝማ! ኦፕን ሶርስ ማለት ማንም ኮዱን አንብቦ፣ አሻሽሎ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው። በሩ ክፍት ነው። ግን መንገዱን የሚያሳይ ከሌለ ክፍት በር ምን ይሠራል? ጊትሃብ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት 93 በመቶዎቹ መመሪያ ጎደሎ ወይም ጊዜው ያለፈበት ሆኖ እንደሚያገኙት ተናግረዋል። በዚያው ጥናት፣ በፕሮጀክቶች ከሚሳተፉት 60 በመቶዎቹ መመሪያ የሚጽፉት ከስንት አንዴ ነው፤ ወይም ጭራሽ አይጽፉም። አያችሁ? የሚያማርረው ብዙ፣ ብዕር የሚያነሳው ጥቂት።

ለምን ሆነ? ኮዱን የሠራው ሰው ሁሉም ነገር ግልጽ ስለሚመስለው ነዋ! ጀማሪው የት ጋ እንደሚሰናከል አይታየውም። ጸሐፊው ግን ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ሰው ከዜሮ ይጭነዋል፣ የተቸገረበትን ይመዘግባል፣ ዴቨሎፐሩን ይጠይቃል፣ ከዚያ ይጽፋል። ዴቨሎፐሩ ደግሞ አንብቦ ያርማል። አንዳንዴማ ለማስረዳት አልመች ያለው ነገር የሶፍትዌሩ የራሱ ስህተት ሆኖ ይገኛል፤ ኮዱም አብሮ ይስተካከላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው።

ሊብረኦፊስን ተመልከቱ። የመመሪያ መጻሕፍቱን የሚያዘጋጁት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ ምዕራፍ ይጽፋል፣ ሌላው ይገመግማል፣ ዓለም በነጻ ያወርዳል። የፓይተንን መመሪያም ጃፓኖች፣ ኮሪያውያንና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በየቋንቋቸው ያነቡታል። ከሰማይ አልወረደላቸውም፤ በጎ ፈቃደኞቻቸው ቁጭ ብለው ተረጎሙት።

እኛስ? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው! ሊብረኦፊስ እንኳን በአማርኛ ይከፈታል። እና ሰበባችን ምንድን ነው? አንድ ጎበዝ ልጅ ሒሳቡ እየገባው፣ አመክንዮው እየገባው፣ እንግሊዝኛው ግድግዳ ስለሆነበት ብቻ ከኮምፒውተሩ ሲነሳ ዝም ብለን እንይ? ያ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የሚያስረዳው ሰው ነው ያጣው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። የምትጠቀሙበትን አንድ ፕሮጀክት ምረጡ። መመሪያውን እያነበባችሁ ሞክሩት፤ የማይሠራውን ወይም ግራ የሚያጋባውን አንድ አንቀጽ አርማችሁ ላኩ። ከመተርጎማችሁ በፊት ደግሞ የቃላት መዝገብ በጋራ አዘጋጁ፤ አንዱ «ፋይል»፣ ሌላው «ሰነድ» እያለ አንባቢው እንዳይደናገር። እናንተ ዴቨሎፐሮች ደግሞ፣ ጸሐፊ ሲጠይቃችሁ አትሰልቹ። አዲስ ነገር ስትጨምሩ ማብራሪያውን አብራችሁ ጨምሩ፤ «በኋላ እጽፈዋለሁ» የተባለ መመሪያ ሳይጻፍ ይቀራል። የጸሐፊዎቹንም ስም ከእናንተ ስም እኩል አስፍሩ።

ኮድ አልችልም ብሎ ዳር የቆመ ካለ ይምጣ። አጥርቶ መጠየቅ፣ አጥርቶ መጻፍ ከቻለ ቦታ አለው። ቋንቋን መውደድ በመፈክር ብቻ አይገለጥም፤ በሥራ ይታያል። አንድ ገጽ እንጻፍ!