ምድርን ለመጠበቅ ከመንግሥት ገንዘብ ስለሚለይ ድርሻ



ብልህ ገበሬ ምርቱን ከዐውድማ ሲያስገባ አስቀድሞ የሚለየው ዘሩን ነው። የሚበላውና የሚሸጠው፥ ለእንግዳም የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ይታሰባል። በችግር ጊዜ እጁን ወደ ዘሩ የሚሰድድ ሰው የሚመጣውን ዓመት አስቀድሞ እንደ በላ ይቈጠራል።

የመንግሥትም ነገር እንደዚሁ ነው። አፈሩ፥ ውኃው፥ ደኑና አራዊቱ ለሕዝብ እንደ ዘር ናቸው። ነገር ግን ገንዘብ በሚደለደልበት ጊዜ ለእነዚህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከሁሉ በኋላ ይታሰባል። ሕመምተኛ ሲቃትት ይሰማል፤ ድልድይ ሲፈርስ ይታያል፤ አፈር ግን ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ስለዚህ የዘሩን ድርሻ አስቀድሞ የሚለይ ሕግ ያስፈልጋል። ይህን ያደረገ የአንድ ግዛት ታሪክ እነሆ።

የአሜሪካ ኅብረት 50 ግዛቶች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱ ገዥ፥ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ግምጃ ቤት አለው። ከእነዚህ አንዱ ሚዙሪ ይባላል። በምሥራቅ በኩል ታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ ያዋስነዋል፤ ሕዝቡም እርሻና ከብት ርባታ የለመደ ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዚህ ግዛት ደቡብ፥ በኦዛርክ ተራሮች የነበረው ታላቅ ደን በመጋዝ ወደቀ፤ ግንዱም ለቤትና ለባቡር ሐዲድ ተሸጠ። ደኑ ሲጠፋ ጎርፉ ኰረብታውን እየላጠ ምንጮቹን በጠጠር ሞላቸው። አራዊቱም ያለ ልክ ታደኑ። በ1925 ዓ.ም. በግዛቱ ሁሉ የቀሩት አጋዘኖች 400 እንኳ እንደማይሞሉ ተገመተ። አራዊትን የሚጠብቁ ሹሞች አልታጡም ነበር፤ ነገር ግን ሹመቱ በፖለቲካ ወዳጅነት የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ ገዥው ሲለወጥ ሹሞቹም ይለወጡ ነበር።

ስለዚህ በ1936 ዓ.ም. ሕዝቡ በድምፁ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። አራት አባሎች ያሉት የጥበቃ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ከአንዱ ወገን ከሁለት የሚበልጡ እንዳይሾሙም ተደነገገ። ከአደንና ከዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ የሚገኘው ገንዘብም ለዚሁ ጥበቃ ብቻ እንዲውል ተወሰነ። ነገር ግን የፈቃድ ገንዘብ የሚከፍለው አዳኝና ዓሣ አጥማጅ ብቻ ነው፤ በደኑ ጥላና በምንጩ ውኃ የሚጠቀመው ግን ሰው ሁሉ ነው።

ከአርባ ዓመት በኋላ፥ በ1976 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ በጥቂት ብልጫም አለፈ። ይህ ሕግ ከሚሸጠው ዕቃ ዋጋ ላይ የአንድ መቶኛውን ስምንተኛ እጅ ለደንና ለአራዊት ጥበቃ ለየ። ይኸውም ሰው የ8 ዶላር ዕቃ ሲገዛ አንድ ሳንቲም ይከፍላል ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ አንዱን ሰው የማይከብደው ሳንቲም ተሰብስቦ ታላቅ ሥራ ሠራ። መሬት ተገዝቶ ለሕዝብ ተጠበቀ፤ የደን ዐዋቂዎችና የአራዊት ጠባቂዎች ተቀጠሩ። በ1936 ዓ.ም. በተጀመረውና በዚህ ገንዘብ በጸናው ጥበቃም 400 የማይሞሉት አጋዘኖች ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

አፈሩ ግን ገና ይሄድ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ፥ አፈሩ በጎርፍ በመታጠብ ሚዙሪ ከአገሪቱ ግዛቶች ሁለተኛ ሆኖ ተገኘ። ከሚታረሰው ምድር፥ ከግማሽ ሄክታር ከሚያንሰው ከአንዱ ኤከር፥ በዓመት በአማካይ 10 ቶን ያህል አፈር ይታጠብ ነበር። ስለዚህ በ1984 ዓ.ም. ሕዝቡ ከ10 ዶላር ግዢ አንድ ሳንቲም ደግሞ ለመለየት ተስማማ። የዚህ ገንዘብ ግማሹ ለሕዝብ መናፈሻዎች ሆነ፤ ግማሹ አፈርንና ውኃን ለመጠበቅ ተመደበ።

የአፈሩ ገንዘብ አሠራር ሊመረመር የሚገባው ነው። በ114ቱም አውራጃዎች ገበሬዎች ከመካከላቸው የመረጧቸው የአፈር ጥበቃ ሸንጎዎች አሉ። እርከን ለመሥራት ወይም የጎርፍ መውረጃውን ሣር ለማልበስ የሚፈልግ ገበሬ ለሸንጎው ያመለክታል፤ ሥራው ተመርምሮ ከተፈቀደ ከወጪው እስከ 75 ከመቶ የሚደርሰውን መንግሥት ይከፍላል። የቀረውን ገበሬው ራሱ ያወጣል። ሰው የራሱን ገንዘብ ያወጣበትን እርከን ቸል ብሎ አያፈርሰውምና ሥርዐቱ በጥበብ የተሠራ ነው። ከ1982 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ከእርሻው የሚታጠበው አፈር ወደ ግማሽ ወረደ።

ይህን አሠራር የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ ነቀፋቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘብ በሕግ ሲታሰር ምክር ቤቱ በራብ ወይም በወረርሽኝ ጊዜ ወደሚበልጠው ችግር ሊያዞረው አይችልም ይላሉ። ደግሞም ድኃው እህሉን ሲገዛ እንደ ባለጠጋው ያንኑ ሳንቲም ይከፍላል። ለመጀመሪያው ነቀፋ ሕጉ ራሱ በከፊል መልስ ሰጥቶበታል። የ1976ቱ ድርሻ የጊዜ ገደብ የለውም፤ የ1984ቱ ግን በየጊዜው ለሕዝብ ፍርድ ይመለሳል። በ1988፥ በ1996፥ በ2006 እና በ2016 ዓ.ም. ሕዝቡ ይቀጥል ብሎ ፈረደ። ገንዘቡን የሚያወጡት ሹሞችም ሥራቸውን በገሃድ ካላሳዩ ድምፅ እንደማያገኙ ያውቃሉ። የድኃው ነገር ግን እስከ ዛሬ መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው፤ ሕግ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

ዮሴፍ በግብፅ የጥጋቡን ዘመን እህል አምስተኛ እጅ የለየው ራብ ከመግባቱ በፊት ነበር፤ ራብ ከገባ በኋላ ቢሆን የሚለይ ነገር ባልተገኘም ነበር። አፈርም ከእህል ይልቅ የባሰ ነው፤ እህል በዓመቱ ይበቅላል፥ የታጠበ አፈር ግን በልጅ ልጅ ዘመንም አይተካም።

እንግዲህ መምህራን በክረምት ከጎርፉ በብርጭቆ ቀድተው እስኪጠል ድረስ በተማሪዎቹ ፊት ያስቀምጡት፤ ከታች የሚረጋው ጭቃ የማን እርሻ እንደ ነበረ ይጠይቋቸው። ሽማግሌዎችም በመንደሩ ማኅበር ገንዘብ ሲደለደል የእርከኑና የምንጩ ድርሻ ትንሽም ቢሆን አስቀድሞ እንዲለይ፥ ያወጣውም ሰው በጉባኤ ፊት ቈጥሮ እንዲያስረክብ ይምከሩ። ምድርን የሚያድነው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ መለየቱና በሕዝብ ፊት መቈጠሩ ነው።