የሰበር ችሎት ውሳኔና የእኛ የነዋሪዎች ጉዳይ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ሕግ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ሕግ ምክር ቤት አውጥቶት በነጋሪት ጋዜጣ የሚታተም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ታተመ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። አንዱን አንቀጽ ሁለት ዳኞች በሁለት መንገድ ሊረዱት ይችላሉ። ታዲያ የማንኛቸው ይጽና?

ለዚህ ነው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የተቋቋመው። ችሎቱ እንደገና ምስክር አይሰማም፤ የሚመለከተው የመጨረሻ ፍርድ ባገኘ ጉዳይ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454፣ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ሁሉ እንዲያስገድድ ደነገገ። እርሱን የተካው የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ አጽንቷል። እንግዲህ በማናውቀው ሰው ክርክር የተሰጠ ትርጉም ነገ የእኔንም የእናንተንም ጉዳይ ይዳኛል ማለት ነው።

ምሳሌ ላቅርብ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ቁጥር 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል። ጽሑፉ ብቻ ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚለው ላይ ብዙ ክርክር ነበር። ሰበር ችሎቱ በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448፣ አይበቃም፣ በአዋዋይ ፊት ያልተደረገ ውል አይጸናም ብሎ ወሰነ። ቆይቶ በሌላ መዝገብ፣ ሻጩ መሸጡን ካልካደ ምዝገባ መጓደሉ ብቻ ውሉን አያፈርሰውም የሚል ትርጉም ሰጠ። ይህ ግን የሚጠቅመው ሻጩ እስካመነ ድረስ ነው። ሰው ይሞታል፣ ዋጋ ይንራል፣ ወራሽ ይመጣል። ሻጭ ወይም ወራሽ የካደ እንደሆነ፣ ውል ሲፈርስ ሕጉ የሚለው ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለስ ነው፤ ቤቱ ለሻጭ፣ ገንዘቡ ለገዢ። ያን ጊዜ ቤት የተገዛበት ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ፍርዱን ለእናንተው እተዋለሁ።

ሁለተኛው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አባትየው ካሳደገችው አክስቱ ለመውሰድ ተከራከረ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባትነቱ መብት ፈረዱለት። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ፣ ቅድሚያ የሚታየው የልጁ ደኅንነት ነው በማለት ሻረው። በየቤታችን የእኅት የወንድም ልጅ የምናሳድግ ስንት አለን! ያ ውሳኔ እኛንም ይመለከታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ቤት የምትገዙም የምትሸጡም በመንደር ውል አትመኑ፤ ሽማግሌና ምስክር መኖሩ ደግ ነው፣ ግን ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ፈርሙ። ከዚህ ቀደም በመንደር ውል የገዛ ቢኖር፣ ሻጩ በሕይወት ሳለና ቃሉን ሳይለውጥ ዛሬውኑ ተነጋግሮ ያስመዝግብ። ሁለተኛ፣ ጠበቃ ወይም ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ስትሄዱ፣ «በዚህ ጉዳይ ሰበር ምን ብሏል?» ብላችሁ ጠይቁ። ውሳኔዎቹ ከሃያ በሚበልጡ ቅጾች ታትመው ወጥተዋል። ሦስተኛ፣ ችሎቱ ራሱ የቀድሞ ትርጉሙን ሊለውጥ ስለሚችል፣ ከዓመታት በፊት የሰማችሁትን ይዛችሁ አትሟገቱ፤ አዲሱን ጠይቁ።

ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም። ያልሰማ ጎረቤት ካለ ንገሩት።