የኃይል ቁጠባና የግብር ተቀናሽ በሆቴሎችና በንግድ ሕንፃዎች



ሆቴል የማይዘጋ ቤት ነው። መሥሪያ ቤት ማታ መብራቱን አጥፍቶ ይቆለፋል፤ ሆቴል ግን እንግዳ ያረፈበትንም ባዶ የሆነውንም ክፍል ሲያሞቅ ወይም ሲያቀዘቅዝ፣ ኮሪደሩን ሲያበራ፣ ለመታጠቢያና ለልብስ ማጠቢያ ውሃ ሲያሞቅ ያድራል። የመብራትና የጋዝ ሒሳቡም በዚያው ልክ ከባድ ነው። ይህን ሒሳብ የሚያቃልል ሥራ ደግሞ በቅድሚያ ገንዘብ ይጠይቃል። በአሜሪካ የሆቴልና የንግድ ሕንፃ ባለንብረቶች ይህን ገንዘብ ለማውጣት እንዲደፋፈሩ የፌዴራሉ መንግሥት ከደነገጋቸው የግብር ማበረታቻዎች አንዱ በታክስ ሕጉ አንቀጽ 179ዲ የሚባለው ነው። ስለዚህ አንቀጽ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከሚሰጠው ጥቅም በላይ ስለሆነ፣ የዛሬው ንግግር ዓላማ አንቀጹ ለባለንብረቱ በእውነት ምን እንደሚያስገኝለት መመርመር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንቀጹ የገባው በ2005 በወጣው የኃይል ፖሊሲ ሕግ ሲሆን፣ ሕንፃው ሙሉውን የቁጠባ መስፈርት ካሟላ በስኩዌር ፊት እስከ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ ይፈቅድ ነበር። የተሰጠው ግን ለአጭር ጊዜ ነበር፤ ዘመኑ እያበቃ በየጊዜው ይራዘም ጀመር። ለምሳሌ ያህል የ2017ን ዓመት ተቀናሽ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ዓመቱ ካለቀ በኋላ በ2018 መጀመሪያ ነው። ተሠርቶ ላለቀ ሥራ የሚሰጥ ገንዘብ ሽልማት ይባል እንደሆነ እንጂ ማበረታቻ ሊባል አይችልም፤ ባለንብረቱ ሥራውን ሲጀምር ተስፋ ሊያደርገው የሚችል ነገር አልነበረምና። በ2020 መጨረሻ አንቀጹ ቋሚ ተደረገ። በ2022 የወጣው የዋጋ ንረት ቅነሳ ሕግ ደግሞ መስፈርቱን ዝቅ፣ መጠኑን ከፍ አደረገው። ሆኖም ቋሚ የተባለው ድንጋጌ አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግንባታው ከጁን 30 ቀን 2026 በኋላ በሚጀመር ሥራ ላይ ተቀናሹ እንዳይሠራ ወሰነ።

ከ2023 ጀምሮ በተሠራበት ደንብ መሠረት፣ የሕንፃው የኃይል ወጪ ከመመዘኛው ቢያንስ 25 በመቶ ዝቅ ካለ በስኩዌር ፊት 50 ሳንቲም ይቀነሳል፤ ከዚያ በላይ ለሚገኘው ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ 2 ሳንቲም እየተጨመረ እስከ 1 ዶላር ይደርሳል። ሠራተኞቹ በአካባቢው የተወሰነው የሙያ ደመወዝ የተከፈላቸው እንደሆነና ከሥራው ሰዓት የተወሰነው ድርሻ በተለማማጅ ሠራተኞች የተከናወነ እንደሆነ ግን መጠኑ አምስት እጥፍ ይሆናል። አኃዞቹም በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላሉ።

የሚታሰቡት ሥራዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ የውስጥ መብራት፣ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣ፣ የአየር ማናፈሻና የሙቅ ውሃ መሣሪያ፣ እንዲሁም የሕንፃው ቅርፊት፣ ማለትም ጣራው፣ ግድግዳውና መስኮቱ። የወጥ ቤቱ ምድጃና የልብስ ማጠቢያው መኪና ከዚህ ውጭ ናቸው። ብዙ የሆቴል ባለንብረቶች ይህን የሚያውቁት መኪናውን ከገዙ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ይህ ተቀናሽ ከሚከፈለው ግብር ላይ የሚነሣ ሳይሆን ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ የሚነሣ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በተቀናሹ መጠን የሥራው ዋጋ ከመዝገብ ላይ ይቀነሳል፤ ያ ገንዘብ ዳግመኛ በእርጅና ተቀናሽነት ሊታሰብ አይችልም። 40,000 ስኩዌር ፊት ስፋት ያለው ሆቴል 300,000 ዶላር አውጥቶ የኃይል ወጪውን 30 በመቶ ዝቅ አደረገ እንበል። የዋጋ ንረት ማስተካከያው ሳይጨመር፣ የደመወዙንና የተለማማጁን ግዴታ ካላሟላ በስኩዌር ፊት 60 ሳንቲም፣ በድምሩ 24,000 ዶላር ይቀነስለታል፤ ግዴታውን ካሟላ 120,000 ዶላር ይሆናል። ባለንብረቱ 21 በመቶ የሚከፍል ኩባንያ ቢሆን፣ በመጀመሪያው 5,040፣ በሁለተኛው 25,200 ዶላር ግብር ይቀርለታል። ነገር ግን ይኸው 120,000 ዶላር፣ ሥራው በ39 ዓመት እርጅና የሚታሰብ ከሆነ፣ ያለዚህ አንቀጽም ቢሆን በየዓመቱ 3,077 ዶላር ያህል እየሆነ ይቀነስለት ነበር። እንግዲህ አንቀጹ ለባለንብረቱ የሰጠው በ39 ዓመት የሚያገኘውን ዛሬ በአንድ ጊዜ ማግኘትን ነው፤ በአጭሩ ጊዜን ነው የሰጠው። ጊዜ ዋጋ አለው፤ ወለድ የሚከፍል ሰው ይህን ያውቃል። ነገር ግን መንግሥት የሥራውን ዋጋ ከፊል ከፈለልኝ ብሎ ሒሳቡን የሚሠራ ባለንብረት ይሳሳታል። ሕንፃው በትርፍ በሚሸጥበት ጊዜም ተቀናሹ እንደ እርጅና ተቆጥሮ በመደበኛው የገቢ ግብር መጠን ሊመለስ ይችላል።

ይህም ብቻ አይደለም። ለአነስተኛ ባለንብረት ሌሎች የሕጉ አንቀጾች ብዙውን ጊዜ ያንኑ ጥቅም በቀላል መንገድ ይሰጡታል። በሥራ ላይ ባለ ሕንፃ ውስጥ የሚደረግ የውስጥ ማሻሻያ፣ ለምሳሌ የመብራት ለውጥ፣ በ15 ዓመት እርጅና የሚታሰብ ነው፤ ከጃኑዋሪ 19 ቀን 2025 በኋላ የተገኘ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ዋጋው በመጀመሪያው ዓመት ሊቀነስ ይችላል። ጣራና የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ከ2018 ጀምሮ በአንቀጽ 179 ሥር ገብተዋል፤ ጣሪያቸውም በ2025ቱ ሕግ ወደ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል። በእነዚህ መንገዶች የመሐንዲስ የምስክር ወረቀት አያስፈልግም። አንቀጽ 179ዲ በእውነት የሚከብደው እንግዲህ በግድግዳና በመስኮት ሥራ ላይ፣ በአዲስ ግንባታና በትላልቅ ሕንፃዎች ላይ ነው። ሠላሳና አርባ ክፍል ያለው ሆቴል ባለቤት ስለዚህ አንቀጽ ምክር ገዝቶ ሲያበቃ፣ ምክሩ የፈጀው ገንዘብ ከጥቅሙ በልጦ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

የምስክር ወረቀቱ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። የቁጠባው መጠን የሚሰላው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው 90.1 በተባለው ስታንዳርድ መሠረት ከተዘጋጀ የማመሳከሪያ ሕንፃ ጋር እየተነጻጸረ፣ በተፈቀደ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። አረጋጋጩም በዚያው ስቴት ፈቃድ ያለው፣ ከግብር ከፋዩ ጋር ዝምድና የሌለው መሐንዲስ ወይም ሥራ ተቋራጭ መሆን አለበት፤ የሕንፃውንም ሥራ በቦታው ተገኝቶ ማየት ይጠበቅበታል።

ለአሮጌ ሕንፃ ከ2022ቱ ሕግ ወዲህ ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ሕንፃው ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ እንደሆነ፣ በምናብ ከተዘጋጀ ሕንፃ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ይነጻጸራል፤ ከእድሳቱ በፊትና በኋላ በስኩዌር ፊት የፈጀው ኃይል በቆጣሪ ይለካል። ይህ ለሆቴል የሚስማማ መንገድ ነው፤ ለክርክር የማይመች፣ በየወሩ በሚመጣው ሒሳብ የሚታይ ነገር ነውና። ችግሩ ግን የመጨረሻው ማረጋገጫ የሚሰጠው ሥራው ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ስለሆነ ተቀናሹም እስከዚያ መቆየቱ ነው። የተቀነሰውን የኃይል መጠን መመስከር የሚችለው የቀድሞውን ሒሳብ በእጁ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ የአሥራ ሁለት ወር ደረሰኝ የሌለው ባለንብረት በምን ይጀምራል?

ለዚህ ማኅበር ሙያተኞች በተለይ ሊጠቀስ የሚገባው፣ ግብር የማይከፍሉ ድርጅቶች ጉዳይ ነው። ቀድሞ የመንግሥት ሕንፃዎች ብቻ፣ ከ2023 ጀምሮ ግን ከግብር ነጻ የሆኑ ድርጅቶች ሁሉ፣ እነሱ ሊጠቀሙበት የማይችሉትን ተቀናሽ ሕንፃውን በነደፈው አርክቴክት ወይም መሐንዲስ ስም ለማዛወር ይችላሉ። በአሜሪካ ከተሞች የራሳቸውን ሕንፃ የገዙ ወይም የሠሩ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራትም ከግብር ነጻ እስከሆኑ ድረስ በዚሁ ውስጥ ይገባሉ። የነደፈው ባለሙያ ተቀናሹን ካገኘ፣ የዲዛይኑን ዋጋ ሲነጋገሩ ምእመናኑ ይህንን ማንሣታቸው ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹ አላነሡትም።

የማበረታቻው ዘመን ሲያበቃ ግዴታው አያበቃም። የኒው ዮርክ ከተማ በ2019 ያወጣው 97ኛው የአካባቢ ሕግ፣ ከ25,000 ስኩዌር ፊት በላይ ለሆኑ አብዛኞቹ ሕንፃዎች ከ2024 ጀምሮ የካርቦን ልቀት ወሰን አድርጓል፤ ከወሰኑ ላለፈ ለእያንዳንዱ ቶን በዓመት 268 ዶላር ቅጣት ደንግጓል። የዋሽንግተን ከተማም በ2018 ባወጣችው ሕግ መሠረት ለትላልቅ ሕንፃዎች የኃይል አጠቃቀም ደረጃ ወስናለች። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ሆቴል ያለው ሰው ከፌዴራሉ መንግሥት የሚያገኘው ተቀናሽ ቢቀርም፣ ከከተማው የሚደርሰው ጥያቄ ይቀጥላል።

በዚህ ሁኔታ ለባለንብረቱ የሚቀርበው ምክር ከግብር አማካሪው ቢሮ ሳይሆን ከሕንፃው ጣራ ይጀምራል። ስማቸውን የሚያከራዩት የሆቴል ድርጅቶች በየጥቂት ዓመቱ የእድሳት ዝርዝር ይልካሉ፤ ምንጣፉና የግድግዳው ወረቀት ይለወጣል። ግድግዳው በሚከፈትበት በዚያው ጊዜ ሙቀት መከላከያውን መጨመር፣ መስኮቱን መለወጥ፣ ባዶ ክፍል ማቀዝቀዣው ራሱ እንዲያርፍ የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ መትከል ለብቻው ከሚጠይቀው ወጪ በእጅጉ ያንሳል። ሕንፃው በኪራይ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የመብራቱን ሒሳብ ተከራዩ፣ የመስኮቱን ዋጋ ባለንብረቱ ስለሚከፍሉ፣ ቁጠባው ለሁለቱ እንዴት እንደሚከፈል በውሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ ተቀናሹም የሚገባው ወጪውን ለሸፈነው ወገን ነው። ከጁን 30 ቀን 2026 በፊት ሥራቸው ለተጀመረ ሕንፃዎች፣ የመጀመሪያውን ቁፋሮ ወይም ተከላ ቀን የሚያሳየው ሰነድ፣ የደመወዝ ዝርዝሩና የተለማማጆቹ የሰዓት መዝገብ ከቅጽ 7205 ጋር ለአንድ ፋይል ተሰብስበው ይቀመጡ።